እኛና የማኪንድዬ የሰፈር ስብሰባ



አዘጋጆቹ ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት አንድ ነገር ጻፉ ሲሉን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ምግብ ቤቶቻችን ነበር። ስለ ምግብ ቤት ግን ከእኛ የተሻለ የሚጽፍ አይጠፋም። እኛ የሱቅ ሰዎች ነን። ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ቆመን የምናየው መንገዱን፣ ቦዩንና የቆሻሻ ገንዳውን ነው። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች በማኪንድዬ እንዴት እንደሚወሰኑ፣ ነዋሪው እንዴት እንደሚጠየቅና እኛ ሐበሾች ያን ጊዜ የት እንደነበርን ብንጽፍ ይሻላል አልን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን።

እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን ለማስታወስ ያህል፣ ማኪንድዬ ከካምፓላ አምስት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ካባላጋላ፣ ካንሳንጋ፣ ንሳምብያ፣ ካትዌና ሙዬንጋ ሁሉ በውስጡ ናቸው። በ2014 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 393 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር። ብዙዎቻችን ከአውቶቡስ ወርደን መጀመሪያ ያደርነው በእነዚሁ ሰፈሮች ስለሆነ፣ “ካምፓላ” ስንል ማኪንድዬ ማለታችን ነው።

የሰፈሩ ስብሰባ ታሪክ የሚጀምረው ከጫካ ነው። ከ1981 ጀምሮ በሉዌሮ ሲዋጋ የነበረው የፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ንቅናቄ በያዛቸው መንደሮች ሕዝቡ ተሰብስቦ ኮሚቴ እንዲመርጥ ያደርግ ነበር። በጥር 1986 ካምፓላ ሲገባ ያንኑ በአገሩ ሁሉ ዘረጋው፤ በ1987ም ሕግ ወጣለት። ያን ጊዜ “አርሲ” ይባል ነበር፣ የተቃውሞ ምክር ቤት ማለት ነው። መንደሩ ዘጠኝ ሰው ይመርጣል፤ ከመንደር እስከ አውራጃም አምስት እርከን አለው። የድምፅ ወረቀትና ሣጥን አልነበረም፤ ሰው ከሚፈልገው ተመራጭ ጀርባ ይሰለፋል፣ ሰልፉ ይቆጠራል፣ አለቀ። ከ1995 ሕገ መንግሥት በኋላ ስሙ ተለውጦ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው “ኤልሲ” ሆነ፣ በ1997 ደግሞ የአካባቢ መንግሥታት ሕግ ወጣ።

በዚህ ሕግ ውስጥ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ነገር አለ። የመንደር ምክር ቤት ማለት ኮሚቴው ብቻ አይደለም። በመንደሩ የሚኖሩ ዕድሜያቸው 18 የሞላ ሰዎች በሙሉ ናቸው ይላል። የሚኖሩ ነው የሚለው፤ የተወለዱ አይልም። ድምፅ መስጠት የዜጋ ነገር ነው፣ በዚያ አንከራከርም። ስብሰባ ላይ ተገኝቶ እጅ ለማውጣት ግን በሰፈራችን ማንም ፓስፖርት ጠይቆን አያውቅም።

ታዲያ ለምን አንሄድም ነበር? ምክንያቱ እዚህ ሳይሆን አገር ቤት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ፣ በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ እነሱም ቀበሌ ሆኑ። ሲጀመር ሐሳቡ ሠፈርተኛው የራሱን ጉዳይ ራሱ እንዲያይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀበሌ ማለት የስኳር ካርድ፣ የኅብረት ሱቅ ወረፋ፣ የእሑድ ስብሰባ፣ የጥበቃ ሰዎችና እስር ቤት ሆነ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቀበሌ የተጠራ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። አባቶቻችን ከስብሰባ ሲመለሱ ምን ተባለ ብለን ስንጠይቅ “ምንም” ይሉን እንደነበር ግን እናስታውሳለን። በስብሰባ ላይ ሐሳብ መስጠት ራስን ማስመዝገብ ነበር። ዝም አይነቅዝም ተብለን አደግን፤ ይህንኑም ከሻንጣችን ጋር ይዘን ካምፓላ ገባን።

ስለዚህ የኤልሲ ሊቀመንበሩን የምናውቀው በማኅተሙ ብቻ ነበር። ባንክ ሒሳብ ለመክፈት የእሱ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የታሰረ ዘመድ በዋስ ለማስፈታትም፣ ቤት ለመከራየትም እንደዚሁ። ደብዳቤውን ስንፈልግ እንሄዳለን፣ ጥቂት ሽልንግ ሰጥተን ማኅተም አስመትተን እንወጣለን። እሱ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ የሱቁን የፕላስቲክ ወንበር እናበድረዋለን እንጂ ወንበሩ ላይ አንቀመጥም።

ይህ ምን እንዳስከፈለን አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰፈሩን አንጠራውም፣ የሚያውቁ ያውቁታል። የጋራው የቆሻሻ ገንዳ ነፃ ነበር፤ ነገር ግን ሞልቶ መንገድ ላይ እስኪፈስ ድረስ አይነሳም። ሁለት ሐሳብ ቀረበ፦ አንደኛው ገንዳው ቀርቶ ቆሻሻው በየቤቱ በክፍያ ይሰብሰብ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ገንዳው ይቆይ ግን ቦታው ይለወጥ የሚል ነው። ነዋሪው እንዲመክርበት ተጠራ። ማስታወቂያው በእኛው ሱቅ ግድግዳ ላይ ለአንድ ሳምንት ተለጥፎ ከረመ። ከእኛ ወገን አንድም ሰው አልሄደም።

በማግሥቱ ውጤቱን ሰማን። ገንዳው ይቆያል፤ ቦታው ግን ከሱቃችንና ከሁለት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት ነው። ተቆጥተን ሰብሰብ ብለን ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ “ሙዜ፣ እንዴት እንዲህ ታደርጉናላችሁ?” አልናቸው። ሰውዬው አልተቆጡም። ቃለ ጉባኤ የሚጽፉበትን ደብተር ከፍተው አሳዩን። ገንዳው በደጃፋችን አይቀመጥ ያሉ የሦስት ቦታ ሰዎች ስማቸው ከነምክንያታቸው ተጽፏል፦ አንዷ ሴትዮ ልጆች በዚያ ያልፋሉ ብላለች፣ አንዱ ጋራዥ መኪና መግቢያ የለኝም ብሏል። ስለ እኛ ደጃፍ የተናገረ አልነበረም። “ለቅሶ ሲሆን ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ስብሰባ ሲሆን ግን አንዳችሁም የላችሁም” አሉን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ፤ ያውም ያስቀረብን ደጃዝማችነት ሳይሆን ደንበኛ ነው። ገንዳው ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንዱ ከዚያ በፊት ተዘጋ፤ ባለቤቷም ወደ ሌላ አገር ሄደች። ሁሉም በገንዳው ምክንያት ነው አንልም፣ ግን ዝንብ ባለበት ቤት ጥሬ ክትፎ ማን ይበላል?

ከዚያ በኋላ መሄድ ጀመርን። ክፋቱ፣ እኛ መሄድ ስንጀምር ስብሰባው ራሱ አቅም እያጣ ነበር። የአካባቢ ምክር ቤቶች ዋና የገቢ ምንጭ የነበረው “ግራጁዌትድ ታክስ” በ2005 ቀረ። ወንዶች ሁሉ ሲሸሹት የኖሩት ግብር ስለሆነ መቅረቱን የጠላ አላየንም፤ ነገር ግን ምክር ቤት ገንዘብ ከሌለው የሚመከርበትም ነገር ያንሳል። በ2007 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ፣ አገሩ ወደ ብዙ ፓርቲ ከተመለሰ በኋላ በድሮው ሥርዓት የመንደር ምርጫ ማካሄድ አይቻልም አለ። በዚህ ምክንያት በ2001 የተመረጡት ሰዎች እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2018 ድረስ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ወንበራቸው ላይ ቆዩ። አንዳንዱ ኮሚቴ ከዘጠኝና ከአሥር ሰው ሁለት ሦስት ቀርቶት ነበር፤ ቀሪው ሞቷል ወይም ሰፈር ቀይሯል። በ2018 ሕዝቡ እንደ ድሮው ከተመራጭ ጀርባ ሲሰለፍ ልጆቻችን ስልክ አውጥተው ፎቶ ያነሱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምርጫ አይተው አያውቁምና።

ትልቁ ለውጥ ግን ከላይ የመጣው ነው። በ2005 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የካምፓላ አስተዳደር ለማዕከላዊው መንግሥት ተሰጠ፤ ሕጉ በ2010 ወጥቶ በመጋቢት 2011 የድሮው የከተማ ምክር ቤት ቀርቶ ኬሲሲኤ ሥራ ጀመረ። ረቂቁ ሲቀርብ ሜንጎ፣ ማለትም የቡጋንዳ መንግሥት፣ አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። አዲሱ ሕግ ሥልጣኑን በሕዝብ ከተመረጡት ከንቲባ ይልቅ በፕሬዚዳንቱ ለሚሾመው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሰጠ። ከንቲባው አቶ ኤሪያስ ሉክዋጎና የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ጄኒፈር ሙሲሲ ለዓመታት ሲጣሉ የኖሩት በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። እኛ ነጋዴዎች ከአዲሱ አሠራር ተጠቅመናል። መንገድ ተሠራ፣ መብራት በራ፣ የንግድ ፈቃድም በባንክና በስልክ መከፈል ስለጀመረ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ቀነሰ። በአንጻሩ ኪዮስካቸው የፈረሰባቸውና ከመንገድ ዳር የተነሱት ጎረቤቶቻችን ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል ቲማቲምና ማቶኬ ያበድሩን የነበሩ እናቶች አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር እኛ እናውቃለን፣ ከበራችን ፊት ነበሩና።

ገንዳው ሲነሳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተደስቶ ነበር። ቆሻሻው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ግን አልነበረም፣ እኛንም ጨምሮ። ይሄድ የነበረው ከከተማው በስተሰሜን፣ በዋኪሶ አውራጃ ወዳለው ኪቴዚ ነበር። ቦታው ከ1996 ጀምሮ የካምፓላ ቆሻሻ የሚከመርበት ሲሆን፣ ሞልቷል ከተባለ ዓመታት አልፈውት ነበር። ነሐሴ 10 ቀን 2024 ከዝናብ በኋላ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ባሉ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ወር የከተማው ከፍተኛ ኃላፊዎች ከሥራ ተነሱ። በዚያ ክምር ውስጥ የእኛ ሱቅ ካርቶንም ነበረበት፤ በሰፈራችን ደብተር ላይ ግን ኪቴዚ የሚል ቃል አልተጻፈም።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሲጠራ ሱቁን በየተራ እየጠበቅን እንሄዳለን። ሉጋንዳችን ስለማይበቃ የሚናገሩልን እዚህ የተወለዱት ልጆች ናቸው። በቅርቡ ስለ ቦይ ጽዳት ሲመከር፣ ባጋንዳ “ቡሉንጊ ብዋንሲ” የሚሉት በጋራ ወጥቶ የመሥራት ልማድ ይመለስ ተባለ። ከእኛ ልጆች አንዷ ተነስታ፣ ቦዩን ሁላችንም እንጠርጋለን፣ ነገር ግን የሚወጣውን ጭቃ በስንት ቀን የሚያነሳ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ መልስ አልነበራቸውም። ጥያቄውን ግን ደብተሩ ላይ ጻፉት፣ ከነስሟ።