የእንጨት ጫማና የአባቴ እግር

ጫማ ከአካላችን በታች የሚኖር ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ሰውን በሰው ላይ የሚያኮራ እንደ እርሱ ያለ ነገር ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ያልሁበትን ምክንያት ከታሪክም ከራሴም ሕይወት ላስረዳህ።

በአውሮፓ አገር ገበሬው ጭቃና ብርድ ሲያስቸግረው አኻያንና ይህን የመሰለ ለስላሳ እንጨት እየፈለፈለ ጫማ ያደርግ ነበር። በሆላንድም በፈረንሳይም የእንጨት ጫማ የድኻ ምልክት ስለ ነበረ የከተማ ሰው ይንቀው ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከመገልበጡም ምክንያቶች አንዱ የእኛው አገር መከራ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታት ማኅበርም ኅዳር 8 ቀን በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ አጸና። ማዕቀቡ ነዳጅ ዘይትን ስላልነካ ወረራውን አላስቆመም። ሆኖም በፍሎሬንስ ከተማ ይሠራ የነበረው ስመ ጥሩው ጫማ ሰፊ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ለጫማው መደገፊያ የሚሆን ጥሩ ብረት አጣ። ስለዚህ ከሰርዴኛ ደሴት የመጣውን ቡሽ፥ ይኸውም የዛፍ ቅርፊት፥ ከተረከዝ ጀምሮ ሞልቶ ወፍራም ሶል ሠራበት፤ የወይዛዝርትም ጌጥ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጀርመኖች በያዟት በፓሪስ ቆዳ ስለ ታጣ፥ ሴቶች የእንጨት ሶል ተጫምተው መንገዱን ያንኳኩት ጀመር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የስዊድን የእንጨት ሶል ጫማ በብዙ አገር የወጣቶች ፋሽን ሆነ። የናቁት የድኻ ጫማ እንዲህ ከበረ።

በዚያው የጦርነት ዘመን፥ በየካቲት 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት ቡሬን ለቅቆ ሲሸሽ ካሳደዱት የጎጃም አርበኞች ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ነፃነታችን በባዶ እግር ተራምዳ መጣች ማለት ነው።

እኔ ግን ይህን አላሰብሁም። በፍኖተ ሰላም ተማሪ ሳለሁ፥ በአንድ የገበያ ቀን አዲስ ጫማ ተጫምቼ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ነበር። አባቴ ከገጠር በአህያ እህል ጭነው መጡ። እግራቸው ባዶ ነበር፤ አንደኛው እስከ ጉልበት አብጧል። ከጓደኞቼ አንዱ «ያ ዝሆኔ ሰውዬ ወዳንተ ያያል፤ ታውቀዋለህ?» ቢለኝ «አላውቀውም» አልሁ። አባቴ ሰሙ። አንድም ቃል ሳይናገሩ አህያቸውን ነድተው አለፉ። ማታ የደብተር መግዣ ገንዘብ በሰው ላኩልኝ። ያንን አዲስ ጫማ የገዙልኝም እርሳቸው ነበሩ።

ሰው ያን ሕመም ርግማን ይለዋል፤ ይሸሸዋል፤ ከበሽተኛው ቤት ልጁን አይድርም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባደረገው ምርመራ ምክንያቱ አፈር መሆኑን አስረዳ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው በደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ብዙ ዘመን ባዶ እግሩን በሚሄድ ሰው ቆዳ ሰርገው ይገቡና እግሩን ያሳብጡታል። ከዘር የተነሣ አንዱ ከሌላው ይልቅ ይጠቃል እንጂ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያውም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ መጫማትና እግርን ዕለት ዕለት በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው።

እንግዲህ አባቴ የታመሙት እኔ የምበላውን እህል ሲያርሱ ነው። ለእግራቸው መከላከያ ይሆን የነበረውን ገንዘብ ለእኔ ጌጥ አደረጉት። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቃቸው ተነሣሁ፤ ነገር ግን እርሳቸው አልፈው ነበር።

ወጣት ሆይ፤ የእንጨትም ቢሆን የቆዳ ያማረህን ጫማ ተጫማ፤ ማማር ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ስትጫማው የማን እግር ባዶ ቀርቶ እንደ ተገዛ አስብ፤ ያንንም እግር በሰው ፊት «የአባቴ ነው» ለማለት አትፈር።