ከግምጃ ቤት ወደ ሱቅ መደርደሪያ፦ የኮልፌ ቀራንዮ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና የእጅ መሣሪያዎቻቸው

ኮልፌ ቀራንዮ የሚለው ስም እንደ አስተዳደር መጠሪያ የጸናው አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍላተ ከተማ በተደራጀችበት ጊዜ ቢሆንም፣ የአካባቢው የሠፈራ ታሪክ ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ካዛወሩትና ዛሬ መርካቶ የሚባለው ገበያ ከተቆረቆረ ወዲህ፣ ከገበያው በስተ ምዕራብ ያለው ኮልፌ የነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ማደሪያ፣ የቤት መሥሪያ ዕቃም መሸጫ እየሆነ ሄደ። በአካባቢው ያለው አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ለጭቃ ቤት ግድግዳና ለመወጣጫ ከሚያገለግለው ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። በዚህ አካባቢ ቤት ለሚሠራው ሰው መብራት የሚዘረጉት ባለሙያዎች ዛሬ የሚያሰሙት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ ፒንሳው ቶሎ ይዶለዱማል፣ የካቻቪቴው ጫፍ ይጠመዘዛል፣ ቴስተሩም አይታመንም። ቅሬታው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «የቻይና ዕቃ በዛ» በማለት ብቻ አይገለጽም። የእጅ መሣሪያው ጥራት የወረደው በዋነኛነት የመሣሪያው ገዢ በመለወጡ ሲሆን፣ ይህም ለውጥ በኮልፌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ሳይቀር ሊታይ የሚችል የራሱ ታሪክ አለው።

ኤሌክትሪክ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጀነሬተር ሲሆን፣ ከቤተ መንግሥት አልፎ ለከተማው በስፋት የሚዳረስ ኃይል ለማግኘት ግን በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራውን፣ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የነበረውን የአባ ሳሙኤልን ግድብ መጠበቅ ግድ ሆኗል። በወረራው ዘመን ኮኒኤል የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የኤሌክትሪኩን ሥራ ያዘ፤ ከነጻነት በኋላ ንብረቱ በመንግሥት እጅ ገብቶ፣ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ድርጅቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ስሙን ቢለዋውጥም ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» እያለ ይጠራዋል። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ሲጀምር በአንድ ጊዜ ከ40 ሜጋ ዋት በላይ ኃይል ስለ ተጨመረ፣ መስመር የሚዘረጋና ቆጣሪ የሚያስገባ ባለሙያ አስፈላጊነትም በዚያው መጠን ጨመረ።

ባለሙያው የሚወጣው ከሁለት ምንጭ ነበር። አንደኛው ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ በአገር ውስጥ የቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮችና ኤሌክትሪሺያኖች ያቋቋሟቸው ጋራዦችና ወርክሾፖች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያዊው ወጣት በእነዚህ ቦታዎች በረዳትነት ገብቶ ዕቃ ማቀበልን፣ ግድግዳ መፈልፈልንና ገመድ መሳብን በማየት ይማር ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው፤ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ፣ በኋላም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ለሙያው ብዙ ሰው አፍርተዋል። በእንዲህ ያለ የሙያ ትምህርት ተማሪው ወደ ገመድ ከመድረሱ በፊት ሞርሳ ላይ፣ ማለትም ብረትን አጥብቆ በሚይዘው የጠረጴዛ መሣሪያ ላይ ቁራጭ ብረት አሥሮ በሞረድ ማስተካከልን ይለማመዳል። ይህ ልምምድ ሥራ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ብረትን ለማወቅም ያገለግላል፤ ሞረድ የሚነክሰውን ለስላሳ ብረትና ሞረድ የሚያንሸራትተውን የጠነከረ ብረት በእጁ የለየ ሰው፣ መሣሪያ ሲገዛ በመልኩ ብቻ አይታለልም።

ከሁሉ በላይ ግን የዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአብዛኛው የተቋም ሰው ነበር። መብራት ኃይል፣ የባቡር ኩባንያው፣ አየር መንገዱ፣ ፋብሪካዎችና ሆስፒታሎች መሣሪያ የሚገዙት ለግምጃ ቤት ነው፤ የገባው ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፣ ለሠራተኛው ሲሰጥም በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ይፈረምበታል። ሠራተኛው ፒንሳ ቢጠፋበት ከደመወዙ ይከፍላል፣ ፒንሳው ያለ ዕድሜው ቢሰበር ደግሞ የገዛው ክፍል ይጠየቃል። ስለዚህ ተቋሙ ርካሽ ዕቃ ገዝቶ በየዓመቱ ከሚተካ ውድ ዕቃ ገዝቶ ለብዙ ዓመት ቢጠቀም ይቀለው ነበር። አስመጪዎቹም እንደ ቤስ ያሉ ከአውሮፓ ሸቀጥ የሚያመጡ የንግድ ቤቶች በመሆናቸው፣ ወደ አገር የሚገባው መሣሪያ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም በአመዛኙ አውሮፓ ለራሷ ሠራተኛ የምትሠራው ዓይነት ነበር። ፒንሳን በዋነኛነት በመሥራት የሚታወቀው የጀርመን ክኒፔክስ በ1882 እ.ኤ.አ. ቩፐርታል ውስጥ ክሮነንበርግ በተባለው የአንጥረኞች ሰፈር የተመሠረተ ነው። የእኛዎቹ አንጥረኞችስ? የብረት ሥራ በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሆኖ ሳለ ሠሪው ግን ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲዋረድ ኖሯል፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱትም በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥቃጩ ከማረሻና ከማጭድ ወደ ፒንሳና ካቻቪቴ የሚሸጋገርበት ድልድይ አለመሠራቱ ከዚህ ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይገባም፤ በጣም የሚያስቆጭም ነው።

በደርግ ዘመን የተቋሙ ገዢነት ይብሱን ጸና። በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ የንግድና የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ተወረሱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ለኪራይ ቤት የሚሠራ የግል ግንባታ ቆመ ማለት ይቻላል። የውጭ ምንዛሪ በመንግሥት ድርጅቶች እጅ ስለ ነበር፣ የመሣሪያው ምንጭ በከፊል ወደ ሶሻሊስት አገሮች ዞረ፤ በሶቪየት ድጋፍ የተሠራውና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ጣቢያም የዚህ ዘመን ሥራ ነው። በኮልፌ የነበረው የቤት ውስጥ ሥራ ግን ውሱን ነበር። ብዙው ቤት በአጠናና በጭቃ የተሠራ ስለ ሆነ ገመዱ በግድግዳው ላይ በምስማር እየተያዘ ይዘረጋል፤ አንድ ቆጣሪም ለብዙ ጎረቤት ስለሚያገለግል የሚሠራው አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ ሁለት ሶኬት ነው። ለዚህ ሥራ መዶሻ፣ ፒንሳና ካቻቪቴ ይበቃል፤ በማታና በበዓል ቀን የሚሠራው ሰውም ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን መሣሪያ የያዘ የተቋም ሠራተኛ ነበር። በዓለም ባንክ ብድር በተዘጋጀ ቦታ ላይ ቤት ተሠርቶበት እስከ ዛሬ ዓለም ባንክ እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ሲገነባ፣ ገመዱ በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ማለፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ስካርፔሎ የሚባለው የግድግዳ መፈልፈያና ገመዱን በቱቦው የሚስበው የብረት ሽቦ በመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ቦታ ያዙ።

ለውጡ የመጣው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ የብር ምንዛሪ ሲቀንስ ነው፤ 2.07 ብር የነበረው አንድ ዶላር 5 ብር ሲሆን፣ 20 ዶላር የሚያወጣ ፒንሳ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ከ41 ብር ወደ 100 ብር ዘለለ። ንግዱ በመከፈቱ አስመጪው በዛ፤ ነጋዴው መጀመሪያ ወደ ዱባይ፣ ቀጥሎም በቻይና ወዳሉት የጓንዡና የኢዉ ገበያዎች ሄዶ ዕቃ በኮንቴይነር ማምጣት ቻለ። ሁለተኛው ደረጃ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በተለምዶ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ነው። በሚኪሊላንድና በሌሎች የኮልፌ ቀራንዮ አካባቢዎች የተነሡት ሕንፃዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚጠይቁት የገመድ ዝርጋታ፣ የቀድሞው ትውልድ በዕድሜ ዘመኑ ካየው ይበልጣል። መንግሥት በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ያደራጃቸው ወጣቶች በሥራው ተሰማሩ፤ ለብዙዎች እንጀራ መገኘቱም ሊዘነጋ የማይገባው መልካም ነገር ነው። ሆኖም የሥራው ሂሳብ በፖይንት ሆነ፤ ፖይንት ማለት አንድ የአምፖል፣ የሶኬት ወይም የማብሪያ ማጥፊያ ቦታ ሲሆን፣ ተቋራጩ በአንድ ፖይንት ይህን ያህል ብር ብሎ ሲዋዋል ገመዱን እርሱ ያቀርባል፣ መሣሪያው ግን የሠራተኛው ዕዳ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የመሣሪያው ገዢ ግምጃ ቤት መሆኑ ቀርቶ፣ ሥራው ለሦስት ወር ይቀጥል አይቀጥል የማያውቅ ወጣት ሆነ። ለእርሱ ዐሥር ዓመት የሚያገለግል ፒንሳ በአንድ ጊዜ ከሚከፍለው አቅም በላይ ነው፤ ዛሬ ገዝቶት በወሩ የሚዶለዱመው ፒንሳ ግን የዛሬውን ሥራ ያስጀምረዋል። ባለሱቁም የሚሸጥለትን አውቆ ያዝዛል። የቻይና ፋብሪካዎች ለአውሮፓ ገበያ ምርጥ መሣሪያ እንደሚሠሩ የታወቀ ነው፤ ለእኛ ገበያ የሚደርሰው ግን አስመጪው በከፈለው ዋጋ ልክ የተሠራው ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሠሪው አገር ላይ መጣል ትክክል አይሆንም።

የጥራቱ ልዩነት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ፒንሳ ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። ጥሩ ፒንሳ ከጋለ ብረት በከባድ መዶሻ ተቀጥቅጦ የወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ ግሎ በዘይት ይጠለቃል፣ መልሶም በመጠኑ እንዲሞቅ ይደረጋል። ይህ ባይደረግ ብረቱ ጠንካራ ሆኖ እንደ ሸክላ ይሰበራል። መቁረጫ ጠርዙ ብቻ ለብቻው እንደገና ይጠነክርና፣ ጥንካሬ በሚለካበት የሮክዌል መለኪያ 60 አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ችንካር ሳይላላና ሳይጠብቅ መንጋጋዎቹን ያገጥማል፤ ፒንሳው ተዘግቶ ወደ ብርሃን ሲያዙት በመቁረጫው መካከል ብርሃን ሾልኮ አይታይም። በርካሹ ፒንሳ ላይ ግን ብርሃኑ ይታያል፤ ለመብራት የሚዘረጋውን ባለ 1.5 እና ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቆርጦ ሳይጨርስ ያኝከዋል። የገመዱ ልባስ ሲላጥ መዳቡ ይጫራል፤ የተጫረው ቦታ መስቀለኛ ስፋቱ ስለሚቀንስ ብዙ ጭነት ሲያልፍበት ይግላል። የካቻቪቴውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጫፉ የለሰለሰ ካቻቪቴ የሶኬቱን ብሎን በሚገባ ሳያጠብቅ ጭንቅላቱን ይልጠዋል፣ ያልጠበቀው መገናኛም እሳት የሚነሣበት ስፍራ ይሆናል። ስለዚህ የመሣሪያው ጉድለት ከሠራተኛው እጅ አልፎ ለዓመታት በግድግዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤቱን የሚረከበው ነዋሪም ከፕላስቲክ ክዳኑ በስተቀር የሚያየው ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ፌዝ ቴስተር ነው። ይህ መሣሪያ ካቻቪቴ የሚመስል ሆኖ በእጀታው ውስጥ ትንሽ የኒዮን አምፖልና አንድ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ አካል አለው። ሠራተኛው ጫፉን ከገመዱ፣ ጣቱን ከእጀታው ራስ ሲያገናኝ ፍሰቱ በገላው በኩል ወደ መሬት ያልፋል። ሬዚስተሩ አንድ ሚሊዮን ኦም ከሆነ በ220 ቮልት የሚያልፈው ፍሰት 0.22 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሚሆን አይሰማም። በርካሹ ቴስተር ውስጥ ይህ አካል ከመጠኑ ያነሰ ወይም እርጥበት ያገኘው ከሆነ፣ በሠራተኛውና በሞት መካከል ያለው መከለያ ተነሣ ማለት ነው፤ አምፖሉ ከከሰመ ደግሞ በሕይወት ያለው መስመር የሞተ መስሎ ይታያል።

ኤሌክትሪክ ባልተቋረጠበት መስመር ላይ የሚሠራባቸውን የእጅ መሣሪያዎች የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 60900 ሲሆን፣ እስከ 1,000 ቮልት ድረስ እንዲሠራባቸው የሚፈቀዱ መሣሪያዎች አስቀድሞ በ10,000 ቮልት እንዲፈተኑ ያዝዛል፤ ያለፈው መሣሪያ የተደራረቡ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ምልክትና «1000 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ይታተምበታል። ችግሩ ምልክቱን ማተም ፈተናውን ከመፈተን እጅግ የሚረክስ መሆኑ ነው። በመደርደሪያ ላይ ቀይና ቢጫ እጀታ ያለው፣ ምልክቱ የታተመበት፣ ላስቲኩ ግን በጣት ሲሽከረከር ከብረቱ የሚላቀቅ ፒንሳ ማግኘት አዳጋች አይደለም። በአገር ውስጥም በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ የሚመለከተው የዝርጋታውን ሥራ ነው፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫውም ሰውየውን ይመዝናል፤ በሰውየው እጅ ያለው ፒንሳ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሾልኮ ያልፋል።

በአገር ውስጥ መሣሪያ የመሥራት ሐሳብ አልነበረም ማለት አይቻልም። የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ዓላማውን በስሙ የያዘ ድርጅት ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም ግን በአቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ስም በሥሩ ተጠቃለለ፤ «የእጅ መሣሪያ» የሚለው ቃልም ከመጠሪያው ወጣ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ ፒንሳ በቅናሽ የሚገኝበት ሌላው መንገድ ታዲያ ምናለሽ ተራ ሆኖ ቀረ። በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቁራሌ ከጡረተኛ ቤት ያወጣው ብረት በመርካቶ ጫፍ ወዳለው ወደዚህ ተራ ይደርሳል፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከዝገት ክምር ውስጥ እጀታው የተላጠ የጀርመን ወይም የጣሊያን ፒንሳ ለይቶ ያነሣል፣ ችንካሩን ዘይት ያጠጣል፣ ጠርዙን በድንጋይ ይስላል። ሆኖም አዲስ ላስቲክ ቢያለብሰውም የቀድሞው የመከላከያ ፈተና አብሮ ስለማይመለስ፣ በዚህ ፒንሳ መሥራት የሚገባው መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ20 ዶላር ፒንሳ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት ከ1,140 ብር ገደማ ወደ 2,000 ብርና ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ የፖይንት ክፍያ በዚያው ፍጥነት አልተከተለውም። ስለዚህ መሣሪያ መግዛት ለተቋራጩ እንዲመለስና የገመድ ዓይነት በጨረታ ሰነድ እንደሚጠቀስ ሁሉ የመሣሪያው ደረጃም እንዲጠቀስ እስካልተደረገ ድረስ፣ በአጠና ተራና በሌሎች የኮልፌ ቀራንዮ ሱቆች መደርደሪያዎች ላይ ውዱ ፒንሳ ገዢ እያጣ ከነጭራሹ መምጣቱ ይቀራል።