ገና በቆላ፦ የኮኪት ትዝታ

ስለ ገና የሚጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የደጋ ጽሑፍ ነው። ብርዱ፣ ጋቢው፣ በምድጃ ዙሪያ የሚሰበሰበው ቤተሰብ፣ ውርጭ ያረፈበት የማለዳ መስክ… ወደ ፈረንጁ ገና የተሻገርን እንደሆነ ደግሞ በረዶው ይጨመርበታል። እኔ ግን ያደግሁት በመተማ ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮኪት ነው። የማስታውሰው ገናም የፀሐይ ገና ነው። ታኅሣሥ በእኛ ዘንድ ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚያነድ፣ ሌሊቱ ብቻ ለስለስ የሚል ወር ነው። የበዓሉን ዋዜማ የምናድረው ደጅ ላይ፣ በገመድ አልጋ ተጋድመን፣ ኮከብ እየቆጠርን ነበር።

አንድ ዓመት ከጎንደር በመጣ ዕቃ መካከል አንድ የገና ካርድ እጃችን ገባ። ጣራውም ዛፉም ነጭ የለበሰ መንደር ተሥሎበታል። ታናሽ እኅቴ «እማ፣ ይህ ሁሉ ነጭ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እናታችን ካርዱን ወደ ዓይኗ ጠጋ አድርጋ አየችና «ጥጥ ነዋ፤ ለቃሚ ያላገኘ ጥጥ» አለች። ማናችንም አልሳቅንም። በታኅሣሥ ምድርን የሚያነጣ ሌላ ነገር አናውቅም ነበርና።

አባቴና እናቴ ግን ኮኪት ላይ የሚውለውን ገና ከልባቸው ገና ብለው የተቀበሉት አይመስለኝም። ሁለቱም የደንቢያ ተወላጆች ናቸው። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። በየዓመቱ፣ በዓሉ በተቃረበ ቁጥር፣ አንድ የማይለወጥ ቃል ነበረችው፦ «የዘንድሮውን እዚሁ እናሳልፈው፤ የከርሞውን አገራችን ገብተን እንውላለን።» ይህች ቃል ልጅነቴን ሙሉ አንድ ጥያቄ አሳድራብኛለች። እኛ የምናከብረው በዓል እውነተኛው ገና ነው ወይስ እስከ ከርሞ የሚቆይ ምትክ?

«ገና» የሚለው ስም ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ልደት ማለት ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈች ማግሥት በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ 28 ይሳባል፤ ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ያለው የዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ልክ እንዳይዛነፍ ነው። ከበዓሉ አስቀድሞ በኅዳር አጋማሽ የሚጀምረው ጾመ ነቢያት አለ።

በቆላው ይህ ጾም የሚገጥመው ከሥራ ትኩሳት ጋር ነው። ሰሊጥ የሚታጨደው በመኸሩ ወራት ነው። ታጭዶ ሲያበቃ ነዶው ቆሞ እንዲደርቅ ይከመርና በኋላ እየተገለበጠ ይራገፋል። ተቸኩሎ ቢራገፍ ፍሬው አይለቅም፤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ደግሞ ራሱ ፈንድቶ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህም በአንድ ሰሞን እጅግ ብዙ ክንድ ይፈለጋል። ያ ክንድ የሚመጣው ከደጋው ነው። ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚወርደው ወጣት ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ሰሊጡ አልቆ ጥጡና ማሽላው ሲቀጥል፣ ከእነዚህ ወጣቶች ከፊሎቹ ደመወዛቸውን ቋጥረው ለገና ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ያልሞላላቸው፣ የታመሙና የተጣሉ ግን ይቀራሉ። የኮኪት ገና የእነዚህ የቀሩት ሰዎች በዓል ነበር።

እናቴ የደጋውን ማዕድ በቆላ ሲሳይ ለመሥራት የምታደርገው ትግል ዛሬም በዓይኔ ይታየኛል። ጌሾው በአይከል በኩል በመኪና እስኪመጣ ትጠባበቃለች። ጤፉ ከዘገየ የማሽላ እንጀራ ይጋገራል። በግ ቆላውን ስለማይወድ ዋጋው አይቀመስም፤ በበግ ፋንታ ሙክት ፍየል ይታረዳል። የድፎ ዳቦው ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። ኮባ የሚባል ነገር በአካባቢው ስለሌለ፣ እኛ ልጆች ከወንዝ ዳር አትክልት የሙዝ ቅጠል ለምነን እንድናመጣ እንላካለን። ቅጠሉ ቀጭን ነውና ዳቦው አንድ ጎኑ ያር ነበር። እናቴ ያረረውን በቢላዋ እየፋቀች «አገራችን ቢሆን…» ትላለች፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አትጨርሰውም። ከምሳ በኋላ የሚፈላው ቡና ዝንጅብል የገባበት ነው። ይህንን ከማዶ፣ ከገላባት ሰዎች የተማርነው ነው። ይህ ብቻ ከምንም ጋር ሳይነጻጸር ይጠጣ ነበር።

የገና ጨዋታም በእኛ ምድር መልኩን ይለውጣል። ሁለት ቡድን፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተበጀች ሩር… ይህን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በበትራቸው ተጫውተው ደስታቸውን ገለጡ የሚለውም ትውፊት የታወቀ ነው። የደጋው ሜዳ ሣር ነው። የእኛ ሜዳ ግን ሰሊጥ የታጨደበት ዋልካ ነበር። ዋልካ በክረምት ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሩራችን ተንከባልላ ከአንዱ ስንጥቅ ስትገባ ጨዋታው ይቆማል። እባብ ይኖር ይሆናል በሚል ፍርሃት እጁን የሚሰድ ይጠፋል። በመጨረሻ አብረውን ከሚጫወቱት የጉሙዝ ልጆች አንዱ ረጅም ሸመል ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም በስንጥቁ ዙሪያ ተንበርክከን እንከራከራለን። የነጋዴ እስላም ልጆችም በቡድናችን ነበሩ። እኛም በበኩላችን የኢድን ቀን ከእነርሱ ደጅ አንጠፋም ነበር።

ካደግሁ በኋላ የአባቴን ቃል እያሰብሁ የመተማን ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። አንድ ነገር ደጋግሞ አጋጠመኝ። ከጎንደር እስከ መተማ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ፣ ሙሉ ወንዝና ንዳድ ይዘጋው ነበር። የሚከፈተው በበጋ ነው። ስለዚህም ነጋዴውም፣ መልእክተኛውም፣ ጦሩም የሚያልፈው በገና ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ሆነ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ለቅቆ የወጣው በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ራስ ኤልፊል ይባል በነበረው በዚሁ ቆላ አልፎ ወደ ሰናር ወረደ። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም፣ ከሐኪሙ ከሄንሪ ብላንክና ከመኮንኑ ከፕሪዶ ጋር በኅዳር ወር መተማ ደረሰ። የንጉሡን መልስ ሲጠባበቅ የፈረንጆቹ ገና እዚያው አገኘው። መልሱ መጥቶላቸው ወደ ደጋ ወጡ። ሊያስፈቱ የመጡት ሦስቱም ግን ኋላ እነርሱው እስረኞች ሆኑ፤ እስከ 1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ድረስም አልተፈቱም።

በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ፣ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ የመሐዲስቶች ጦር በዚሁ በኩል ዘልቆ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አደረገ። ጎንደርም ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፉ፤ ሕዝቧ ተማረከ። የወላጆቼ አገር ደንቢያ የዚያ ጦርነት አውድማ ነበረች። አገራችን ገብተን እንውላለን ሲባል በልጅነት አእምሮዬ ሰላም ብቻ የሞላባት ትመስለኝ ነበርና ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። በቀጣዩ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦራቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ድል በእጃቸው ሊገባ ሲቃረብ በጥይት ቆሰሉ፤ በቁስሉም ሞቱ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእርሳቸው ስም ነው። እንግዲህ ይህች የአካባቢያችን ከተማ የምትጠራው ከቤቱ ርቆ በሞተ ሰው ነው።

ይህን ሳስብ አንድ ሌላ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ የማይገኝ።

አሥር ዓመት ገደማ ሳለሁ ነው። አባቴ ማሽላ ለማሳጨድ ከቀጠራቸው መካከል ከጋይንት የመጣ አንድ ወጣት ነበር። ለእናቱ ከገላባት በኩል የመጣ ነጠላ ጫማ ገዝቶ በከረጢቱ ይዟል፤ ለገና እንደሚደርስላት ለሁላችን ነግሮናል። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ንዳድ ያዘው። አባቴ ወስዶ አሳከመው፤ ክኒን ተሰጠው፤ ትንሽ ሻል አለው። በዋዜማው ሌሊት ግን ትኩሳቱ ተመለሰበት። ከእኛ አጠገብ ደጅ ላይ ተኝቶ «እትዬ፣ ነጋ እንዴ?» እያለ እናቴን ይጠይቃት ነበር። እርሷም ሳትሰለች «ሊነጋ ነው ልጄ፣ ሊነጋ ነው» ትለዋለች። ቅዳሴ ሳይወጣ ዐረፈ።

ያን ዕለት ፍየሉ አልታረደም። ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። አባቴ ከአንዱ የእርሻ ሰፈር ወደ ሌላው እየሄደ የጋይንት ሰው አፈላለገ። ከቀትር በኋላ የሟችን አጥቢያ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ አገኘ፤ ስሙም ከእርሱ ተገኘ። በበዓል ቀን የማይለቀስ ቢሆንም፣ ከየቦታው የመጣው ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ ቀበረው። ጉሙዞቹም የሱዳን ነጋዴዎችም ቆመው ነበር። ደመወዙና ጫማው ከዚያው ሽማግሌ ጋር ተላከ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ አንድ በትር የያዙ አዛውንት በራችን ላይ ከመኪና ወረዱ። አባትየው ነበሩ። ከጋይንት አንድ ቋጠሮ ጌሾ ይዘው መጥተዋል። መቃብሩን አዩ፤ ድንጋዩን በእጃቸው እየደባበሱ ብዙ ቆዩ። በማግሥቱ ከእኛ ጋር በማዕድ ተቀመጡ፤ ያረረውን የዳቦ ጎን ለራሳቸው ወሰዱ። ሲሄዱ እናቴን «ልጄ በሰው ቤት አልሞተም» አሏት።

ከዚያ ዓመት ወዲህ አባቴ «የከርሞውን አገራችን» ማለቱን ተወ። ለምን እንደተወ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ኮኪት ከዚያም በኋላ ብዙ አይታለች። በጥር 2011 ዓ.ም. መባቻ፣ የበዓሉ ድግስ ገና ሳይነሣ፣ በገንዳ ውኃና በኮኪት ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ተሻገረ። ከሱዳናውያኑ ጋር ዓመታትን በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ቡናን በዝንጅብል ማፍላት ያስተማሩን ሰዎች በተራቸው ከደጃችን መጥተው ውኃ ለመኑ። ያ የተከፈተ መንገድ ዛሬም የሚያመልጥና የሚጠጋ ሰው አላጣም።

በዚህ ቆላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉን አራግፎ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ፣ የሞተ መስሎ ይቆማል። ሲፍቁት ግን ነጭ እንባ ያፈስሳል፤ ያ እንባ ደርቆ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በቅዳሴ ይታጠናል። ሰብአ ሰገል ይዘውት ከመጡት ሦስት እጅ መንሻ አንዱ ዕጣን መሆኑን ካህኑ በገና ሲያነብቡ፣ እኔ የማውቀው ዛፍ በመጽሐፍ ውስጥ መኖሩ ያስደንቀኝ ነበር። ያላስተዋልሁት ግን ሌላውን የታሪኩን ክፍል ነው። በሉቃስ ወንጌል የምትወልደው እናት በቤቷ አልነበረችም። የሕዝብ ቆጠራ ትእዛዝ ከናዝሬት አስነሥቶ ወደ ቤተ ልሔም አምጥቷታል፤ በእንግዶች ማደሪያም ስፍራ አልተገኘላትም። የመጀመሪያው ገና የዋለው በመንገደኞች መካከል ነው።

የልጅነት ጥያቄዬን የመለሰልኝ ይኸው ነው። አባቴም እናቴም ዛሬ ያረፉት በኮኪት አፈር ነው፤ ከዚያ ከጋይንት ልጅ ጥቂት እርምጃ ርቀው። የምኖረው በደጋ ነው። ኮባ እንደ ልብ ይገኛል፤ ዳቦውም አያርም። ልጆቼ ግን ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር «አባ፣ መቼ ነው አገራችን ገብተን ገናን የምንውለው?» ይሉኛል። አገራችን ሲሉ ኮኪትን ማለታቸው ነው።

በመንገድ ላሉ፣ በሰው አገር ላሉ፣ ነጋ እንዴ እያሉ ለሚያድሩ ሁሉ መልካም የልደት በዓል ይሁንላቸው።