ብድር በምድር

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እሰነብታለሁ። ከባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል ሰው እሑድ ሲደርስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ልምላሜ ይሻል። ስለዚህም የአዲስ አበባን መናፈሻዎችና የዕፅዋት ሥፍራዎች በየተራ መጎብኘት ልማድ አድርጌዋለሁ። አንዱን እሑድ በስድስት ኪሎው ግቢ ዛፎች ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ ሌላውን ወደ ደቡብ ወርጄ በብሔረ ጽጌ ሙሽሮች በአበባ መካከል ፎቶግራፍ ሲነሡ አያለሁ። እግሬ ደጋግሞ የሚወስደኝ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉለሌ ነው። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

ከተማችን በአበባ ስም የተጠራች ናት። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ሲሰፍሩ «አዲስ አበባ» አሏት። አበባ ግን እንጀራ አይጋግርም። መኳንንቱም ወታደሩም ለቤቱ ማገር፣ ለግቢው አጥር፣ ለምድጃው ማገዶ ይፈልግ ነበርና የአካባቢው ጽድና ወይራ በምሳር አለቀ። ከተማዋ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ብርቅ ሆነ። እንጨት ሲያልቅ ከተማን ነቅሎ መሄድ ለቀደሙት ነገሥታት እንግዳ ነገር አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአዲስ ዓለም አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ያ ውጥን ቢፈጸም ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ፍርስራሿ የሚጎበኝ አንድ የጥንት ሠፈር በሆነች ነበር።

ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። የታሪክ ጸሐፍት ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደገባ ይጽፋሉ፤ ብዙዎቹም የፈረንሳዊውን የሞንዶን ቪዳዬን ስም ያነሣሉ። ሕዝቡም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነውና «ባሕር ዛፍ» አለው። ቶሎ ያድጋል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋ በባሕር ዛፍ ደን ተከበበች፤ መናገሻም ከቦታው ሳይነሣ ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ውለታው ግን ብዙ አልቆየለትም። ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ የሐር ትል ቅጠሉን የሚመገበው ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። አዋጁ ተነገረ እንጂ አልተፈጸመም። በምን ይፈጸማል? የከተማው ምጣድ ሁሉ የሚግለው በእርሱ ቅጠል ነበር።

የቤታችንም ምጣድ እንዲሁ። እናቴ ሽሮ ሜዳን ተነሥታ ጎሕ ሳይቀድ እንጦጦ ትወጣ ነበር። ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ ሸክም በገመድ ጠፍራ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። የደብተሬ፣ የጫማዬ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የያዝኋት የኪስ ገንዘብ ከዚያ ሸክም የወጣ ነው። ዛሬ ጀርባዋ እንደ ወትሮው አይቃናም።

የቀድሞዎቹ የከተማዋ ውብ ግቢዎች ለእንደ እርሷ ያለ ሰው አልተከፈቱም ነበር። የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1954 ዓ.ም. ነው። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ እናቴ ሸክም የወረደችበት እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ሆኗል።

ባለፈው ዓመት ከክረምቱ ማግስት እናቴን ይዤ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄድሁ። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ2002 ዓ.ም. ገደማ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሰፋ ሥፍራ ነው። ባሕር ዛፍ ይዞት በነበረው ኮረብታ ላይ የአገሩን ዛፎች መልሶ ማብቀል አንዱ ዓላማው ነው። እናቴ በእያንዳንዱ ዛፍ ፊት ትቆማለች። ወይራውን ስታይ የወተት ዕቃ የምታጥንበትን ጢስ አስታወሰች፤ ኮሶውን ስታይ ፊቷን አጨማደደች፤ ልጅ ሳለች ጠጥታዋለችና። እኔ ግን ስማቸውን የማውቀው ሰሌዳ አንብቤ ነው።

ከመንገዱ ዳር ገና ያልተቆረጡ ባሕር ዛፎች ቆመዋል። አንዱን ጠጋ ብላ ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«የዚህስ ስም የታል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ የውጭ ዛፍ ነው። የአገሩን ዛፎች ለመመለስ ይቆረጣል። ውኃውን ይጨርሳል።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «መቆረጡስ ይቆረጥ፤ ቅጠሉን ስሸከም የኖርሁት ለመቆረጥ ነው። ግን ልጄ፣ አንተን ያሳደገህ እርሱ ነው፤ እንደ ሌባ አታባሩት» አለችኝ።

እኔ ብድር ምን እንደሆነ አውቃለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነውና። ያን ዕለት ግን በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ እንዳለብን ተረዳሁ። የምንጮቹን መመለስ የሚሻ ሰው ጽዱንና ኮሶውን መትከሉ ትክክል ነው፤ ከዚህ አሳብ ፈቀቅ አልልም። ነገር ግን በእነዚህ መናፈሻዎች ውስጥ ለልጆቻችን የአገር በቀሉን ስም ስናስነብብ፣ ከተማዋን በቦታዋ ያቆመውን እንግዳና ሸክሙን በጀርባቸው ያወረዱትን እናቶች ታሪክ አብረን ካልነገርን፣ ሒሳቡ አይዘጋም።

ማታ ቤት ገብቼ በደብተሬ ጥግ የጫርኋት ስንኝ ይህች ናት፦

ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ቤት ያቆመ እንግዳ፣
ባለቤት ሲመለስ፣ ማን ይክፈለው ዕዳ?
ጽዱም ቦታው ይግባ፣ ኮሶውም ይጽደቅ፣
ባለውለታን ግን፣ ማመስገን እንወቅ።