ጆሮ የመረጣቸው ልቦለዶች

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ታላላቅ ልቦለዶች ሲነሡ በብዙ ሰው አእምሮ የሚሣለው በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ጥራዝ፣ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍትና ጊዜ የተረፈው አንባቢ ነው። የእነዚህ ድርሰቶች የመስሕብ ምንጭ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ሥዕል ይቀዳል። የቋንቋቸው ምጥቀት፣ የገጸ ባሕርያታቸው ጥልቀት፣ የሐያስያን ምስክርነት፣ የትምህርት ቤት ግዴታ ይጠቀሳሉ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ከእነዚሁ ልቦለዶች ጽኑ ወዳጆች መካከል ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የማያውቁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ሳይሆን በጆሯቸው የተቀበሉ ሠራተኞች ነበሩና። የዚህም ጉልህ አብነት የሚገኘው በፓሪስ ወይም በለንደን ሳይሆን፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ በኩባ የትምባሆ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው።

ወደዚያ ከመሻገር በፊት ግን ልቦለዶቹ በተወለዱበት አገር በምን መልክ ለሕዝብ ይቀርቡ እንደነበር ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1836 በፓሪስ «ላ ፕረስ» እና «ለ ሲየክል» የተባሉ ሁለት ዕለታዊ ጋዜጦች ተቋቋሙ። የሌሎቹ ጋዜጦች የዓመት ክፍያ 80 ፍራንክ ሲሆን እነዚህ ግማሹን፣ 40 ፍራንክ ብቻ ጠየቁ። ጉድለቱን በማስታወቂያ ገቢ ለመሙላት አንባቢ ማብዛት፣ አንባቢ ለማብዛት ደግሞ ነገ ምን ይመጣ ይሆን የሚያሰኝ ነገር ማቅረብ ግድ ሆነ። በመሆኑም ልቦለድ እየተቆራረጠ በገጹ ግርጌ ይወጣ ጀመር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ቻርልስ ዲከንስ «የፒክዊክ ማኅደር» የተባለውን ሥራውን በየወሩ በአንድ ሺሊንግ በሚሸጥ ቀጭን ጥራዝ ማውጣት ያዘ። በዚያ ዘመን በሦስት ቅጽ የሚታተም አዲስ ልቦለድ ዋጋው 31 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ሙሉውን መጽሐፍ መግዛት የማይችል ሰው እየቆነጠረ ይገዛው ዘንድ መንገድ ተከፈተለት ማለት ነው።

ይህ አቀራረብ የገበያ ብልኀት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የድርሰቱን ቅርጽ ራሱን ለወጠው። እ.ኤ.አ. ከ1842 እስከ 1843 የኤዠን ሱ «የፓሪስ ምስጢሮች» በጋዜጣ ሲወጣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበ፣ ደራሲው ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍል ብዙ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። የአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ከነሐሴ 1844 እስከ ጥር 1846 ድረስ እንዲሁ በጋዜጣ ተከታትሎ ወጣ። አንባቢና አድማጭ በአንዱ ክፍልና በሚቀጥለው መካከል ባለው ፋታ ስለተበደለው ያዝናል፤ ስለበዳዩ ይቆጣል፤ ምን ቢደረግ ይሻላል እያለ ይከራከራል። ደራሲው ታሪኩን በሚያቋርጥበት ሥፍራ አድማጩ ዳኝነት ይጀምራል።

አሁን ወደ ሀቫና እንሻገር። ሲጋር የመጠቅለል ሥራ ከሌላው የፋብሪካ ሥራ የሚለይበት ጠባይ አለው። የጥጥ መፈተያና የብረት ማቅለጫ ጩኸታቸው ሰውን ከሰው አያሰማም። ሲጋር ጠቅላይ ግን በረጅም አዳራሽ፣ በተደረደረ ጠረጴዛ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ፣ በጣቶቹና በአንዲት ቢላዋ ብቻ ቅጠሉን እየቆረጠ ይጠቀልላል። እጁ በሥራ ይያዛል፤ ጆሮው ግን ነጻ ነው። ቀኑ ረጅም፣ ሥራው አንድ ዓይነትና አሰልቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ሳቱርኒኖ ማርቲኔዝ የተባለ ገጣሚና ሲጋር ጠቅላይ «ላ አውሮራ» የተባለ የሠራተኞች ጋዜጣ አቋቋመ። ይሁንና ብዙዎቹ ሠራተኞች ማንበብ ስለማይችሉ ጋዜጣው ወደ ዓይናቸው ሳይሆን ወደ ጆሯቸው መድረስ ነበረበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኤል ፊጋሮ ፋብሪካ፣ ብዙም ሳይቆይ በፓርታጋስ ፋብሪካ፣ ሠራተኞቹ በሚሠሩበት ሰዓት አንድ ሰው ቆሞ እንዲያነብላቸው ተደረገ። የአንባቢውን ደመወዝ የሚከፍለው ባለፋብሪካው አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ከገቢያቸው እያዋጡ ነበር።

ይህ ነገር ለቅኝ ገዢው የእስፓኝ መንግሥት የዋህ ጨዋታ ሆኖ አልታየውም። ንባቡ ከተጀመረ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት ወር 1866፣ በፋብሪካና በማናቸውም የሥራ ቦታ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው መጽሐፍና ጋዜጣ እንዳይነበብ፣ ክርክርም እንዳይደረግ የሚከለክል ዐዋጅ ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የነጻነቱ ጦርነት ሲነሣ ብዙ የትምባሆ ሠራተኞች ወደ አሜሪካ ጠረፍ፣ ወደ ኪ ዌስት ተሰደዱ። ከ1886 ጀምሮም በፍሎሪዳ፣ በታምፓ ከተማ አጠገብ ኢቦር ሲቲ የተባለው የሲጋር ሠራተኞች ሠፈር ተቆረቆረ። ስደተኛው ሙያውን ይዞ ሲሄድ አንባቢውንም አስከትሎ ሄደ። የኩባ የነጻነት መሪና ባለቅኔ ሆዜ ማርቲ በኅዳር 1891 ወደ ኢቦር ሲቲ መጥቶ ሲናገር የጠበቀው ጉባኤ ለዓመታት በንባብ ጆሮው የሠለጠነ ሕዝብ ነበር።

የንባቡ ሥርዓት ሊታወቅ ይገባዋል። አንባቢው ከሠራተኞቹ በላይ ከፍ ብሎ በተሠራ መድረክ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ጋዜጣ ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ ልቦለድ ይቀጥላል። ለዚህ ሥራ የሚቀጠረው በሠራተኞቹ ፊት አንብቦ ሲፈተንና ድምፁ ሲወደድለት ነው። ማይክሮፎን በሌለበት ዘመን በመቶ የሚቆጠር ሰው የተቀመጠበትን አዳራሽ በድምፁ መሙላት፣ ሽማግሌውን በሽማግሌ፣ ሕፃኑን በሕፃን ቃና ማናገር ነበረበት። አንባቢው ተዋናይም ነበር ማለት ነው። ደስ ያሰኛቸው እንደሆነ ሠራተኞቹ በእጃቸው የያዙትን ቢላዋ በጠረጴዛው ላይ በማንኳኳት ያጨበጭቡለታል። የሚነበበውን ልቦለድ የሚመርጡትም እነርሱ ናቸው። የመጻሕፍቱ ስም ይቀርብና ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይነበባል።

እንግዲህ የመስሕብ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች መምህር አላዘዛቸውም፤ ፈተና አልጠበቃቸውም፤ ሐያሲ አልመከራቸውም። ከላባቸው ፍሬ ቆርሰው ይከፍላሉ፤ የሰለቻቸውን ለመጣልም ሥልጣን አላቸው። ደጋግመው ከመረጧቸው ደራስያን መካከል ሁጎ፣ ዱማ፣ ዞላ፣ ቶልስቶይና ሰርቫንቴስ ይገኙበታል። ለምን?

የተለመደው መልስ ሠራተኛው ከኑሮው ማምለጥ ስለሚሻ ነው የሚል ነው። የዱማ ልቦለድ ለጊዜው ይህን የሚደግፍ ይመስላል። ኤድሞን ዳንቴስ የተባለ ወጣት መርከበኛ፣ በቅናትና በሥልጣን ጥም በተነሣሡ ሰዎች ሤራ ያለ በደሉ 14 ዓመት ታስሮ ያመልጣል። ሀብት ያገኛል፤ ጠላቶቹንም አንድ በአንድ ይበቀላል። ለተበደለ ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ ሕልም የለም። ይሁንና ዱማ በዚህ አይቆምም። በቀሉ እየሰፋ ሄዶ ምንም ያልበደለ ሕፃን ሲሞት፣ ተበቃዩ ራሱ ይደነግጣል፤ በእውነት ይህን ለማድረግ መብት ነበረኝን ብሎ ይጠራጠራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «በለው!» ሲል የቆየው አድማጭም አብሮ ይደነግጣል። ልቦለዱ ሕልሙን ከሰጠው በኋላ የሕልሙን ዋጋ ይጠይቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1862 የታተመው የሁጎ «መከረኞቹ» ደግሞ ወደ ሠራተኛው ኑሮ የባሰ ይቀርባል። ዣን ቫልዣን ለተራቡ የእኅቱ ልጆች ዳቦ በመስረቁ አምስት ዓመት ተፈርዶበት፣ ለማምለጥ በመሞከሩ እየተጨመረበት 19 ዓመት ይታሰራል። ከወጣ በኋላ ስሙን ለውጦ ባለፋብሪካና የከተማ ሹም ይሆናል፤ ደግ ሰውም ነው። ፋንቲን የተባለችው ሴት የምትሠራው በዚሁ ደግ ሰው ፋብሪካ ነው። ሳታገባ የወለደቻት ልጅ እንዳለቻት በታወቀ ጊዜ ግን በአለቃዋ ትባረራለች፤ ጌታው አላወቀም። ጸጉሯን ትሸጣለች፤ ጥርሷን ትሸጣለች፤ በመጨረሻም ራሷን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ከፋብሪካ ሠራተኛ ይበልጥ የሚያውቀው ማነው? ጌታው ክፉ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለ ነበር። ጌታው ደግ ሆኖ ሳለ ሴትዮዋ ለምን ጠፋች? ጥፋቱ የሰውየው ነው ወይስ የሥርዓቱ? ሁጎ መልሱን በአንድ ቃል አይዘጋውም፤ ለሰሚው ይተወዋል።

የእነዚህ ልቦለዶች ኃይል እንግዲህ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ተራውን ሰው፣ መርከበኛውን፣ እስረኛውን፣ የፋብሪካ ሴቷን፣ ቀድሞ ለነገሥታትና ለመሳፍንት ብቻ ይሰጥ በነበረው ክብር የታሪክ ባለቤት ማድረጋቸው ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን ፍርዱን ለሰሚው መተዋቸው ነው። አንድ ቀን ሙሉ ታዝዞ የሚውል ሰው፣ በልቦለዱ ፊት ግን ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ነገሩን ከሁለት ወገን ይሰማል፤ ይመዝናል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ሰውን ወደ ንባቡ የሳበው ይህ ነው፤ ገዢዎችን ያስፈራውም ይኸው ነው። የ1866ቱ ዐዋጅ ንባቡን ብቻ ሳይሆን ክርክሩንም ጨምሮ መከልከሉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለኢትዮጵያዊ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። «በላ ልበልሃ» ተብሎ ሙግት በተገጠመበት ዘመን አላፊ አግዳሚው ተይዞ ለዳኝነት ይቀመጥ ነበር፤ የተሟጋቾቹ የአነጋገር ስልትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ብዙ ሰው በጆሮው ተቀብሎታል። የምዕራቡም ልቦለድ ቢሆን ወደ አማርኛ የመጣው ሁልጊዜ በተመቻቸ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር፤ ትርጉሙም በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ለሕዝብ ቀርቧል። ወረቀት በተነፈገበት ሥፍራ ልቦለድ ወረቀት ፈልጎ ያገኛል።

የታምፓው መድረክ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በኅዳር 1931፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ በበረታበት ወቅት፣ ባለፋብሪካዎቹ አንባቢዎቹ የዐመፅ ሐሳብ ያሰራጫሉ በማለት ከየአዳራሹ አስወጧቸው። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ባለፋብሪካዎቹም በሩን ዘጉ። በመጨረሻ ሠራተኛው ወደ ሥራው ሲመለስ አንባቢው አልተመለሰም፤ በእርሱ ፈንታ ሬዲዮ ገባ። ሬዲዮ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን የሠራተኛው ድምፅ አይመርጠውም፤ በቢላዋ ማንኳኳትም አይሰማም። የኩባ ተወላጅ የሆነው ተውኔት ጸሐፊ ኒሎ ክሩዝ ይህን የመሰናበቻ ዘመን መሠረት አድርጎ በጻፈው ተውኔት ውስጥ፣ በ1929 በኢቦር ሲቲ አንድ አንባቢ የቶልስቶይን «አና ካሬኒና» ሲያነብ የሰሚዎቹ ኑሮ ከሥሩ ይናወጣል። ተውኔቱ በ2003 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።

በኩባ ግን መድረኩ አልፈረሰም። በ2012 የትምባሆ ፋብሪካ ንባብ የአገሪቱ የባህል ቅርስ ተብሎ ተሰየመ። ከ1935 ጀምሮ የሚታወቀው «ሞንቴ ክሪስቶ» የተባለው የሲጋር ዓይነትም የዱማን ልቦለድ ስም እንደያዘ በዓለም ገበያ ይዞራል። ገዢው ጢሱን እያየ ስሙ ከየት እንደመጣ ላያስብ ይችላል። ስሙን ያተረፉለት ግን ቅጠሉን እየጠቀለሉ ያደመጡት ናቸው።

ስለዚህ አንድ መምህር ከእነዚህ ልቦለዶች አንዱን ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ፣ ወይም አንድ ተዋናይ በማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ፣ የያዘው ነገር ለጥቂቶች የተጻፈ የከበረ ዕቃ ነው ብሎ ሊፈራው አይገባም። ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ነገሩ በጦዘበት ሥፍራ ያቁም፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይስማ። ክርክሩ ከተነሣ ልቦለዱ ሥራውን ጀምሯል።