ከሱስ ያገገሙ ወገኖች ምስክርነት፦ አደረጃጀቱ፣ ሥልጠናውና ጥንቃቄው

ጌታችን በጌርጌሴኖን አገር አጋንንት ያደሩበትን ሰው ከፈወሰው በኋላ፥ ሰውየው ሊከተለው ቢለምነውም ወደ ቤቱ ተመልሶ የተደረገለትን ለወገኖቹ እንዲያወራ አዘዘው (ማር. 5፥1-20)። ለምጻሙን ባነጻው ጊዜ ግን ለማንም እንዳይናገር፥ ራሱንም ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው (ማር. 1፥40-45)። ሁለቱም ተፈውሰዋል፤ አንዱ እንዲናገር፥ ሌላው ዝም እንዲል ታዘዘ። ከመጠጥ፣ ከጫትና ከሌሎች አደንዛዥ ነገሮች የተላቀቁ ወንድሞችና እኅቶች በአደባባይ ይናገሩ ወይስ አይናገሩ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ይህ ልዩነት ወደ ልቡናችን ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሱስ ያገገሙ ሰዎች ተደራጅተው ለራሳቸውና ለመሰሎቻቸው ጥብቅና እንዲቆሙ የሚሰጠውን ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ሕክምና አይደለም፤ ንስሐንም ጠበልንም አይተካም። ያገገመ ሰው ያለፈበትን መከራ ለጋራ ጥቅም ሲናገር ምን፣ ለማን፣ እስከ የት ድረስ እንደሚናገር ያስተምራል። አሠራሩ በስፋት የዳበረው በአሜሪካ ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

የዝምታው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት፥ አክሮን በተባለች ከተማ፥ የአክሲዮን ገበያ ባለሙያ የነበረው ቢል ዊልሰንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ተገናኝተው እርስ በርስ በመደጋገፍ ከመጠጥ ተላቀቁ። ከዚህ የተነሣው ማኅበር «አልኮሊክስ አኖኒመስ» ይባላል፤ ስማቸው የማይገለጽ የአልኮል ሕሙማን ማለት ነው። ማኅበሩ በ1950 ባጸደቃቸው ዐሥራ ሁለት ድንጋጌዎች አባላቱ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም ማንነታቸውን እንዳይገልጡ፥ ማኅበሩም ከዓላማው ውጭ በሆኑ ጉዳዮች አቋም እንዳይዝ ወሰነ። ይህ ብዙዎችን ከውርደት፥ አንዳንዶችንም ከከንቱ ውዳሴ ጠብቋል።

ዝምታው ግን ሌላ ፍሬም አፈራ። የዳኑት ተሰወሩ፤ ለሕዝብ የሚታዩት በየመንገዱ የወደቁት ብቻ ሆኑ። ተመልካቹ ከዚህ የሚወጣ የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሕግ አውጪውም ሐኪም ቤት ከመክፈል ይልቅ እስር ቤት ማስፋትን መረጠ።

ይህን ዝምታ ቀድመው ከሰበሩት አንዷ ማርቲ ማን ናት። በማኅበሩ ከዳኑት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል የነበረችው ይህች ሴት በ1944 ሕዝብን የሚያስተምር ብሔራዊ ኮሚቴ መሠረተች፤ የመጠጥ ሱስ በሽታ መሆኑን፥ በሽተኛው ሊረዳ እንደሚችልና እንደሚገባው፥ ጉዳዩም የሕዝብ ኃላፊነት መሆኑን በየከተማው እየዞረች አስተማረች። ቀጥሎ የተነሣው ሃሮልድ ሂውዝ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ፥ ከመጠጥ ከተላቀቀ በኋላ የአዮዋ ግዛት አስተዳዳሪ፥ ከዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ነው። በ1969 ባካሄደው የምስክርነት መድረክ ቢል ዊልሰን ራሱ ቀርቦ ተናገረ፤ ፊቱ ግን በቴሌቪዥን እንዳይታይ ተደረገ። መናገርና መሰወር በአንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ ማለት ይቻላል። ሂውዝ የደከመበት ሕግ ታኅሣሥ መጨረሻ 1970 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ ጸደቀ፤ የአልኮልን ጉዳት የሚያጠና ብሔራዊ ተቋምም በእርሱ ተቋቋመ።

በ2001 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት በሴይንት ፖል ከተማ የተሰበሰቡ ሰዎች «ፌስስ ኤንድ ቮይስስ ኦፍ ሪከቨሪ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ስሙ የማገገም ገጾችና ድምፆች የሚል ነው። የቆየውን ጥያቄ የፈቱበት መንገድ ቀላል ነው። ተናጋሪው ያገገመ ሰው መሆኑን በስሙ ይናገራል፤ በየትኛው ማኅበር ውስጥ እንደ ዳነ ግን አይናገርም። በዚህም የማኅበሩ ድንጋጌ ሳይፈርስ ሰውየው አንደበት አገኘ። በጥቅምት 2015 ብዙ ሕዝብ በዋሽንግተን አደባባይ ተሰበሰበ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ያገገሙ ሰዎች ለሚያቋቁሟቸው ድርጅቶች የሚውል ድጋፍን አካተተ።

ሥልጠናው

የማደራጀት ሥልጠና የሚጀምረው በመስማት ነው። ሠልጣኙ አንድ ለአንድ እየተቀመጠ ያገገሙትን፣ ቤተሰቦቻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውን ምን እንደሚያስጨንቃቸው ይጠይቃል። በአሜሪካ በአደራጆች ዘንድ የታወቀው የማርሻል ጋንዝ ትምህርት ታሪክን በሦስት ይከፍላል፦ የራስ ታሪክ፣ የእኛ ታሪክ፣ የአሁን ታሪክ። ጋንዝ የረቢ ልጅ ነው፤ አከፋፈሉንም ከአይሁድ መምህር ከሂሌል ሦስት ጥያቄዎች ጋር ያያይዘዋል። የራሱን ብቻ የሚተርክ ሰው አድማጩን አስለቅሶ ይለያያል፤ እኛ ወደሚለው ሲሻገር ግን አድማጩም በታሪኩ ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ አሁን ምን እናድርግ የሚለውም ጥያቄ በዚያ ይከተላል።

ከዚህ ቀጥሎ ችግርንና ጥያቄን መለየት ይመጣል። «ወጣቱ በሱስ ጠፋ» ችግር ነው፤ ማንም «እሺ» ወይም «አይሆንም» ብሎ ሊመልሰው አይችልም። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ «በዚህ ትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ መጠጥ ቤቶች ይህን ስለ ማክበራቸው ወረዳው ይቆጣጠር» ቢባል ግን መልስ የሚሰጥ ሰው አለው። ሠልጣኞች ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ፥ እርሱም ማንን እንደሚሰማ በወረቀት ላይ ይሥላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው የምስክርነቱ ልምምድ ነው። በምክር ቤት ፊት የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ስለ ሆነ አብዛኛው ስለ ውድቀቱ ሳይሆን ስለ አነሣሡ፥ ምን እንደ ረዳውና ምን እንደ ጎደለው እንዲሆን ይደረጋል። የአወሳሰዱ ዝርዝር አይነገርም፤ የሚስት፣ የልጅ፣ የጓደኛ ምስጢር ያለ ፈቃዳቸው አይነሣም። አንዱ ሠልጣኝ ክፉ ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ሆኖ ይቀመጣል፤ ተናጋሪው «ይህን አልመልስም» ማለትን በዚያ ይለማመዳል። ታሪኩ የባለቤቱ ነውና ዛሬ ተናግሮ ነገ ቢከለክል መብቱ ነው።

የቃል ምርጫም ትልቅ ስፍራ አለው። በቋንቋችን «-ኛ» የምትለው መድረሻ ነገርን የሰው መጠሪያ ታደርገዋለች፤ ጋዜጠኛ፣ ሙዚቀኛ እንደምንል «ሱሰኛ» ስንልም ሕመሙን ሙያው አድርገን እንሰጠዋለን። «በሱስ የተያዘ»፣ «ያገገመ» ብንል ሰውየው ከያዘው ነገር ይለያል። ንስሐ የገባውን ሰው በኃጢአቱ ስም መጥራት በቤተ ክርስቲያንም ልማድ የለም።

በእኛ ዘንድ

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ጥፋት ተምረን ነው። ከዓመታት በፊት፥ በምናገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት፥ ከጫትና ከመጠጥ ከተላቀቀ ሦስት ወር ያልሞላውን ወንድም ለወጣቶች ይመስክር ብለን በመድረክ አቆምነው። እንባም እልልታም ሆነ። ይህ ወንድም የሰፈሩን ልጆች በቤታቸው እያስጠና የሚተዳደር ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወላጆቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አስቀሩበት። እኛ ስለ እርሱ ማገገም ነገርናቸው፤ እነርሱ የሰሙት ስለ ሱሱ ነው። ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እርሱም ይቅር ብሎናል። ዛሬ የሚያስቀድሰው ግን በሌላ አጥቢያ ነው።

በጠበል ቦታ የሚጮኹ ሕሙማንን በስልክ እየቀረጹ ማሠራጨትም ከዚህ የከፋ ነው፤ ያ ሰው ነገ ሥራ ፈላጊ፣ ትዳር ፈላጊ መሆኑን የሚያስብ የለም። ለንስሐ አባት የተነገረው በዚያው የተዘጋ ነው፤ ለጉባኤ መድገም የንስሐው ማሟያ አይደለም፤ እንዲደግም የሚያስገድደውም አይኑር።

በየአጥቢያው ሊጀመር የሚችል ትንሽ ነገር እንጥቀስ። የጽዋ ማኅበር በሚወጣበት ቤት ጠላ ይቀርባል፤ ያገገመ ሰው «አልጠጣም» ካለ ባለቤቲቱ ትቀየማለች፥ ምክንያቱን ከተናገረ ምስጢሩ ይወጣል፥ ከቀረ ደግሞ ከማኅበሩ ይለያል። ብዙዎች ዝም ብለው ይቀራሉ። እዚህ ላይ ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ የታወቀ ነው፤ የማኅበሩ ሙሴና አባላቱ ናቸው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ከጠላው ጎን ብርዝ ወይም ሻይ ይቅረብ። ያገገመው ሰው ራሱ እንዲጠይቅ ግድ የለም፤ መድኃኒት የምትወስድ እናት፣ መኪና የሚያሽከረክር አባት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱ መጠጦች አብረው ከቀረቡ ለምን ይህን አልጠጣህም ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም።