የደኅንነት ማጣራት
የደኅንነት ማጣራት ማለት ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ሐኪም ድምፁ ስለጠፋ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ሰግቶ ሲያመለክት ፖሊስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሁኔታውን የሚያይበት ተግባር ሲሆን፣ የሚፈለግ ወንጀል ስለሌለ ከብርበራ ይለያል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ፣ አንቀጽ 17፣ ሕይወትን ወይም አካልን ለማዳን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት መግባትን ቢፈቅድም፣ በ2010 የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ስለ ደኅንነት መስጋት ብቻውን ለዚህ እንደማይበቃ ስላስረገጠ፣ በደብዳቤ ማስገቢያው አጮልቆ ያልተነሣ የፖስታ ክምር ያየ ፖሊስ በሩን ለመስበር ከዚያ የከበደ ምክንያት ያስፈልገዋል። በ2020 በእንግሊዟ ሀምበርሳይድ የተጀመረው አሠራር ደግሞ፣ የሕይወት አደጋ ወይም ወንጀል ከሌለ፣ ጥሪውን ወደ ጤና ተቋማት ይመራዋል፤ ይህ አግባብ የሚሆነው ግን በሌሊት የሚመጣ የጤና ባለሙያ ካለ ነው።